ሶላሩ ስንት ዋት ነው ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ሶላር ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ዋት ነው ብሎ ነው። ቀጥሎ ባትሪው ስንት አምፔር ነው ይላል፣ ከዛ ዋጋ ይከራከራል። ኮንትሮለሩን፣ ማለት ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም ማለት ይቻላል። ሻጩም መርቆ ነው የሚሰጠው፣ ገዢውም ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይረሳዋል፣ አረንጓዴ መብራት ከበራ በቃ ሰላም ነው።

ዛሬ ስለሱ ነው መፃፍ የፈለኩት። ስለዛች ትንሽ ሳጥን፣ ከጎኗ ስለምትወጣው የሙቀት መለኪያ ሽቦ፣ ስለ ፓምፕ ሴንሰር፣ ስለ ክትባት ፍሪጅ ቴርሞሜትር። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደጋውንም ቆላውንም እየዞርኩ ሶላር እገጥማለሁ፣ ሌላ ሰው የገጠመውንም እጠግናለሁ፣ እና የሞተ ባትሪ ስከፍትና ስለካ ኖሬ የደረስኩበት ነገር እኛ ጋ ፀሐይ አላነሰንም ነው። ያነሰን ልኬት ነው።

መጀመሪያ አገሩን ላስታውሳችሁ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነች፣ ወደ ጣርማ በር ስትሄዱ 3,000ውን ታልፋላችሁ፣ ዋሻውን ጨርሳችሁ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። መንገዱ እኮ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ መትቶት ባቄላው ጠቁሮ ያድራል፣ በዛው ቀን ቀትር ላይ ሮቢት ያለ ሰው የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። ሁለቱም ጋ የሚሸጠው ኮንትሮለር ግን አንድ ነው። አንድ ካርቶን፣ አንድ ሴቲንግ፣ ያውም ባትሪው 25 ዲግሪ ላይ ነው ተብሎ የተሞላ።

ይሄ 25 ዲግሪ ምን ችግር አለው ካላችሁ፣ ብዙ ችግር አለው። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የአሲድ ባትሪ ነው፣ ባለ 12 ቮልቱ ውስጡ 6 ሴል አለው፣ እያንዳንዱ ሴል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እንዲሞላ ወደ 4 ሚሊቮልት ገደማ ተጨማሪ ይፈልጋል። በ6 ብታባዙት 24 ሚሊቮልት ነው፣ ትንሽ ይመስላል። ግን ደብረ ብርሃን ጥር ላይ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ባትሪ 8 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ሊያድር ይችላል፣ ከ25 ስትቀንሱት 17 ዲግሪ ልዩነት፣ በ24 ስታባዙት 0.4 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 14.4 ቮልት የተባለው እዚህ 14.8 መሆን ነበረበት። ኮንትሮለሩ ይሄን ስለማያውቅ 14.4 ላይ ሲደርስ ሞልቷል ብሎ ይቆርጣል፣ አረንጓዴዋን ያበራል፣ ባትሪው ግን ጠግቦ አያውቅም። ዛሬም ሳይሞላ ነገም ሳይሞላ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌቱ እየደረቀ ይሄዳል፣ ከዛ አንድ ቀን ሰውየው "ሙሉ ነው ይላል ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ድርግም ይላል፣ ባትሪው ፎርጅድ ነው" ብሎ ይመጣል። ብርዱ በራሱ ደሞ አቅሙን ይቀንሰዋል፣ 0 ዲግሪ ላይ የአሲድ ባትሪ ከተፃፈበት አቅም ወደ 80 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጠው። ብዙ ጊዜ ባትሪው ፎርጅድ አይደለም። ሳይሞላ የኖረ ባትሪ ነው።

ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። 35 ዲግሪ ቤት ውስጥ ያለ ባትሪ 14.2 አካባቢ ላይ መቆም ሲገባው 14.4 ይሰጡታል፣ ባትሪው ይፈላል፣ ውሀው ያልቃል፣ ማንም ከፍቶ ስለማያየው ሰሌዳው ደርቆ ይቀራል። ሙቀት ብቻውንም ጠላት ነው፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የአሲድ ባትሪ እድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አንዱ በረሃብ አንዱ በጥጋብ ሞተ ማለት ነው፣ ሁለቱም የሞቱት ግን አንድ ነገር ባለመለካቱ ነው።

መፍትሄው ከጣት የማይወፍር ሴንሰር ነው። ጫፉ ላይ ቴርሚስተር የምትባል ሙቀት ሲለወጥ ሬዚስታንሷ የሚለወጥ ፍሬ አለች፣ ሽቦዋ ኮንትሮለሩ ላይ ይሰካል፣ ጫፏ ባትሪው ጎን ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ በኋላ ኮንትሮለሩ ራሱ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንዳንድ ኮንትሮለር ሴንሰሩን ውስጡ ነው የሚይዘው፣ እሱ የራሱን ትኩሳት ነው የሚለካው፣ ባትሪው ሌላ ክፍል ከሆነ ጥቅም የለውም። ሌላው ደሞ መሰኪያው አለው ግን ሽቦው ካርቶኑ ውስጥ የለም፣ ለብቻ ነው የሚገዛው። እና እዚህ ጋ ነው የሚያናድደኝ ነገር፣ ሰው ለአንድ ተጨማሪ ሶላር ብዙ ሺህ ብር ሲያወጣ አይሳሳም፣ ለዛች ሽቦ ግን "ያለሷም ይሰራል አይደል?" ይላል። ይሰራል። ለተወሰነ ጊዜ።

ስለ ብርድ ካነሳን ሌላም አለ። ሶላር ሙቀት አይወድም፣ ብርሃን ነው የሚወደው። በተለመደው የሲሊከን ሶላር 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ 0.4 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። ሮቢት ቆርቆሮ ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ሶላር ከተፃፈበት ላይ ወደ 14 በመቶ አጥቷል ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ንፋሱ እያቀዘቀዘለት የተሻለ ይሰራል። ይሄ የደጋ ሰው እድል ነው። ግን ብርዱ ቮልቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በ1 ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ። ምንም ነገር ሳይገናኝበት ሲለካ ቮልቱ 49 የሆነ ትልቅ ሶላር አለ እንበል፣ ሁለቱን በተከታታይ ስታገናኟቸው 98 ይሆናሉ፣ ኮንትሮለሩ ደሞ እስከ 100 ቮልት ነው የሚችለው። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ጥር ላይ ሌሊቱን ውርጭ የመታው ሶላር ጠዋት 0 ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ ድንገት ስትወጣበት ግን 105 ይደርሳል፣ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል፣ ቤተሰቡም "መብረቅ ነው" ይላል። መንዝ ውስጥ እንዲህ የተቃጠለ አይቻለሁ፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) እና የፓምፕ መቆጣጠሪያ ማኑዋሉ ውስጥ ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ጭነት ቀንሱ የሚል ገፅ አለ፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ስለሚቀንስ ነው። ያቺን ገፅ ማንም አያነባትም። እኛ እኮ የምንኖረው ከሷ በላይ ነው!

ሊቲየም መጣ ተብሎ ሰው ተደስቷል፣ እኔም ተደስቻለሁ፣ ቀላል ነው ረጅም እድሜም አለው። ግን ሊቲየም ፎስፌት ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፣ ሊቲየሙ እንደ ብረት ተጋግሮ ይቀርና ባትሪው ለዘለቄታው ይጎዳል። ጥሩ ባትሪ ውስጡ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፣ ሙቀት ይለካል፣ ሲቀዘቅዝ ቻርጁን ይዘጋል። ርካሹ ያንን ሴንሰር ቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ አይታይም። ጉዋሳ አካባቢ ወይም ጣርማ በር ላይ ሊቲየም የምትገዙ ሰዎች ብርድ ሲሆን ቻርጅ ይዘጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

አሁን ሮቢት አካባቢ ወዳለው ወደ ቀወት ልውረድ፣ እዛ ነው ሴንሰር ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። አጎቴ ሽንኩርትና ማሾ ያለማል፣ ድሮ በናፍጣ ፓምፕ ነበር፣ ናፍጣው ሲወደድ ሲጠፋም ወረፋው ሲያሰቃየው ከጎረቤቶቹ ጋር ሆነው ወደ ሶላር ፓምፕ ገቡ። ይሄ ፓምፕ ባትሪ የለውም፣ ፀሐይ ስትደምቅ በፍጥነት ይዞራል ስትደበዝዝ ይዘገያል፣ ውሀውን ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው፣ ማለት ጉልበቱ የሚቀመጠው እንደ ውሀ ነው። መቆጣጠሪያው ፀሐይዋ በዛ ሰዓት የምትሰጠውን ትልቁን ጉልበት እየፈለገ ፍጥነቱን በየሰከንዱ ያስተካክላል። ሮቶው ውስጥ ፍሎት የሚባል ተንሳፋፊ አለ፣ ሲሞላ ያቆመዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ደሞ ውሀ መኖሩን የሚያይ ሴንሰር አለ፣ ውሀው ከፓምፑ በታች ከወረደ ያቆምና ትንሽ ቆይቶ ይሞክራል። ውሀ የሚቀዳ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በራሱ በውሀው ነው፣ ደረቅ ከዞረ ይቃጠላል።

መጋቢት ላይ ነው፣ ወንዙ ቀጥኗል ጉድጓዱም ወርዷል፣ ፓምፑ እየቆመ እየተነሳ አስቸገራቸው። አንድ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ የሴንሰሩን ሁለት ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ አሰረው፣ ማለትም ሁልጊዜ ውሀ አለ እንዲል አደረገው። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ዞረ፣ ሁሉም ደስ አላቸው። አጎቴ ደውሎ ነገረኝ፣ "አንተ ልጅ፣ ተስተካክሏል፣ አሁን አይቆምም" አለኝ።

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ያጥፉት" አልኩት። "እሱ ሲቆም የነበረው ታሞ አይደለም፣ ውሀ የለም ብሎ እየነገራችሁ ነው።"

"ታዲያ ሽንኩርቱ ይድረቅ?"

ይሄ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ቀልዶ አልጠየቀም፣ የአንድ ወቅት ገቢያቸው መሬት ላይ ነው ያለው። ሴንሰሩ እውነቱን ይናገራል እንጂ ውሀ አይጨምርም። ሄጄ ሽቦውን መለስኩት፣ ከዛ ተቀምጠን የማጠጫ ሰዓቱን ተከፋፈልን፣ ጠዋት ቀስ ብሎ እንዲቀዳ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን ገደብ አበጀንለት፣ ጉድጓዱ እስኪያንሰራራ ጊዜ እንዲያገኝ። ፓምፑ ዛሬም ይሰራል። እና ከዛ ጀምሮ የማንኛውንም መሳሪያ ሴንሰር ከመግጠሜ በፊት ሲቆም ምን ማለቱ እንደሆነ ባለቤቱን ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ፣ ምክንያቱም ያልገባውን ሴንሰር ሰው ነቅሎ ይጥለዋል፣ ልክም ነው፣ ስራውን እያስቆመበት ለምን ይታገሳል?

ከአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች የመጣ ካሜሊዮን የሚባል የአፈር እርጥበት መለኪያ አለ፣ በጣም የምወደው አሰራር ነው። ቁጥር አያሳይም፣ ሴንሰሮቹ በተለያየ ጥልቀት ይቀበራሉ፣ ከዛ መብራት ብቻ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ አፈሩ ረጥቧል፣ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ደርቋል። ገበሬው አፈሩን ጨብጦ ላይ ላዩን ያውቀዋል፣ ስር ያለውን ግን በእጅ ማወቅ አይቻልም፣ ይሄ ያሳየዋል። ብዙ ጊዜ ሰው ውሀ የሚያበዛው ስሩ ጋ መድረሱን ስለማያውቅ ነው፣ ውሀ ሲበዛ ማዳበሪያውም ታጥቦ ይወርዳል፣ የፓምፑም ሰዓት ይባክናል። እንዲህ ያለ ነገር ከሶላር ፓምፕ ጋር አብሮ ቢሸጥ ኖሮ ስንት ውሀ ይተርፍ ነበር እላለሁ።

ወደ ደጋው ስመለስ ጤና ኬላ ትዝ ይለኛል። መንዝ ውስጥ ጤና ኤክስቴንሽን የሆነች ዘመዴ አለች፣ የክትባት ፍሪጃቸው በሶላር ነው። አዲሶቹ ፍሪጆች ባትሪ የላቸውም፣ ቀን በቀጥታ ከሶላሩ ይሰሩና ግድግዳቸው ውስጥ በረዶ ይጋግራሉ፣ ሌሊት በዛ በረዶ ይቆያሉ፣ በባትሪ የሚሰሩት ባትሪያቸው እየሞተ ስላስቸገረ ነው እንዲህ የተደረገው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሃል መቆየት አለበት። ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፣ መንዝ ላይ ግን የሚያሰጋው ብርዱ ነው። ፔንታቫለንት፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አንዴ በረዶ ከሰራ በቃ ይበላሻል፣ ቢቀልጥም አይመለስም፣ ጠርሙሱን አይታችሁም ላታውቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ውስጡ የ30 ቀን ሙቀት እየመዘገበች የምትይዝ ትንሽ መሳሪያ ይቀመጣል፣ ከ8 ዲግሪ በላይ ለ10 ሰዓት ከቆየ ወይም ከኔጌቲቭ 0.5 ዲግሪ በታች ለ60 ደቂቃ ከቆየ ምልክት ታሳያለች። ዘመዴ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አይታ ወረቀት ላይ ትሞላለች፣ ቅዳሜም እሁድም። እኔ ከማውቃቸው የመለኪያ ስርዓቶች ሁሉ በትክክል የሚሰራው ይሄ ነው፣ ምክንያቱ ደሞ ግልፅ ነው፣ የሚያነበው ሰው አለው፣ ምልክት ሲያይ ለማን እንደሚደውል ያውቃል። ሚሊዮን ብር የወጣበት፣ ዳታው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ማንም የማያየው ፕሮጀክትም አይቻለሁና ልዩነቱ ይገባኛል።

ኔትወርክን በተመለከተ አቋሜ ግትር ነው። ስልክ ላይ በአፕ የምታዩት ሶላር ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ፣ ግን ውሳኔው እዛው ሳጥኑ ውስጥ መወሰን አለበት። ፓምፕ ለማቆም፣ ባትሪ ለመቁረጥ ሲም ካርድ የሚጠብቅ ሲስተም እኛ አገር አይሆንም፣ ኔትወርክ ለቀናት ሊጠፋ ይችላልና። ዳታው ቆይቶ ይላክ፣ ትዕዛዙ ግን አይጠብቅም።

ንፋስን ሳላነሳ ባልፍ የጣርማ በር ሰው ይታዘበኛል። እዛ የቆመ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነው የሚያወራው፣ ሁሉም "ይሄን ንፋስ መብራት አያደርጉትም ወይ" ይላል። የንፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ነው የሚሄደው፣ ከ6 ወደ 8 ሜትር በሰከንድ ከፍ ካለ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለመለካት የተሰቀለው መሳሪያ ፍጥነቱን በ10 በመቶ አብዝቶ ቢያነብ የጉልበቱ ስሌት በ33 በመቶ ይሳሳታል፣ ለዛ ነው ማማ ተክሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መለካት ግዴታ የሚሆነው። ከፍታችን ደሞ ይቀንስብናል፣ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚመጣው ጉልበትም በዛው ልክ ያንሳል። ፊት ላይ የሚሰማን ነገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለቴ ነው።

በአገር ደረጃ ስናየው አዳማ 1 እ.ኤ.አ. በ2012 በ51 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ በ2013 በ120፣ አዳማ 2 በ2015 በ153 ስራ ጀምረዋል። እያንዳንዱ ተርባይን ጫፉ ላይ የንፋስ አቅጣጫና ፍጥነት መለኪያ አለው፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞራል፣ ንፋሱ ሲበረታ የክንፎቹን ማዕዘን ያዞራል፣ ወደ 25 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ ራሱን ያቆማል። እኛ አገር ደስ የሚለው ንፋሱ የሚበረታው በበጋ መሆኑ ነው፣ ግድቦቹ ውሀ መቆጠብ በሚፈልጉበት ወቅት። ንፋሱ ድንገት ሲወድቅ የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር፣ ከ50 ኸርዝ ዝቅ ይላል፣ ግድብ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ያንን አይቶ የውሀ በሩን ይከፍታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ሁሉም ስለ ሜጋ ዋቱ ያወራል፣ እኔ ደሞ ይሄ ሁሉ ውሀ ንፋስና ፀሐይን ሊደግፍ መቻሉ ነው ይበልጥ የሚያስደስተኝ።

ወደ መንደር ልመለስና ላብቃ። ምንጃር ላይ ጤፍ ሲወቃ እብቁና አቧራው ሶላሩ ላይ ይተኛል፣ ጉልበቱም ይወርዳል፣ የሰማይ ጥፋት የለበትም። ይሄን ለማወቅ ውድ ሴንሰር አያስፈልግም፣ ኮንትሮለሩ ላይ ቀትር ላይ የሚታየውን አምፔር ደብተር ላይ መፃፍ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቁጥሩ ከወረደ በእርጥብ ጨርቅ ጠዋት ሳይሞቅ መወልወል። ማዘንበሉም እንዲሁ፣ እኛ 10 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነን፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ በኋላ እስከ ነሐሴ ማለቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ እና የአውሮፓ ቪዲዮ አይታችሁ ሶላሩን እንደ መሰላል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ አታቁሙት፣ 10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፣ ዝናቡም ያጥበዋል።

አሁን እየሰራሁ ያለሁት አንድ ገፅ ሠንጠረዥ ነው፣ በአማርኛ፣ በየከተማው በየወሩ ለአሲድ ባትሪ ስንት ቮልት ላይ ቻርጁ መቆም እንዳለበት የሚያሳይ፣ ታትሞ ኮንትሮለሩ ጎን ላይ የሚለጠፍ። የደብረ ብርሃንና የሮቢት አልቋል። መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ አረርቲ፣ እነዋሪ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ የባትሪውን ሙቀት ለክታችሁ ብትልኩልኝ የናንተንም እጨምራለሁ፣ አንዱ ንባብ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሌላው ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ሴንሰሩ ደሞ ባትሪው ጎን ላይ በደንብ ይለጠፍ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የተለካ አይጠቅመኝም።